ሁለቴ የማይለምኑ ሰዎች ደሴት

ከዛንዚባር ከተመለስኩ ወዲህ ሱሪ ሊያሳጥር የሚመጣው ደንበኛ ሁሉ ሱሪውን ትቶ ስለ ደሴቱ ይጠይቀኛል። እኔ የቦሌ ሚካኤሉ ልብስ ሰፊ እንድሪስ፣ ከስፌት መኪናዬ ጀርባ ተቀምጬ ያንኑ ወሬ ስንት ጊዜ እንዳወራሁት አላህ ነው የሚያውቀው። አንዱ መጀመሪያውን ሰምቶ ይሄዳል፣ ሌላው መጨረሻው ላይ ይደርሳል፤ ሰፈር ውስጥ የሚዞረው ወሬ ራሱና እግሩ ተለያየ። እንግዲያስ ከመነሻው እስከ መድረሻው በጽሑፍ ይሁን አልኩ። ትምህርቴ የቁርዓን ቤትና በኋላ በመሠረተ ትምህርት የቆጠርኩት ፊደል ነው። እጄ ለመርፌ እንጂ ለብዕር አልለመደም። ቀስ እያልኩ ነው የምሄደው፤ እናንተም ቀስ ብላችሁ ተከተሉኝ።

የጉዞው ምክንያት ልጄ ሰዓዳ ናት። ሰዓዳ ሃያ ሁለት አካባቢ ሆቴል ትሠራ ነበር። አሠሪዋ ጣሊያን ደሴቱ ላይ ሌላ ሆቴል ሲከፍት፣ ሥራ አዋቂ ናት ብሎ ይዟት ሄደ። ቆየት ብሎ አንድ ቀን ጎረቤት ሱቅ ስልክ ደውላ አስጠራችኝ። ሱለይማን የሚባል የጀልባ ሰው ሊያገባት ይፈልጋል፤ ወገኖቹ ሊጠይቁ ተዘጋጅተዋል፤ ያለ አባቷ ፈቃድ ግን ኒካሕ አይታሰርም። "አባባ፣ ይምጡና በዓይንዎ ይዩዋቸው። ካልወደዷቸው አብሬዎት እመለሳለሁ" አለችኝ። የልጄን ድምፅ አውቀዋለሁ። እንዲህ የምትለው እንድወድላት አጥብቃ ስትፈልግ ነው።

ባለቤቴ ፋጡማ የመሄጃዬን ሻንጣ ስታስር አንድ ነገር ብቻ ነው ያለችኝ። "አንተ ሰውዬ፣ ልብህ ቅቤ ነው፤ ቶሎ ይቀልጣል። ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ እሺ እንዳትል። ደጋግመው ይለምኑህ። በአንድ ልመና የተሰጠች ልጅ፣ ባሏ ቤት በአንድ ቃል ትባረራለች።" እውነቷን ነው። እኔም እሷን ለማግባት ሽማግሌዎቼ ሐይቅ ዳር ያለው የአባቷ ቤት እየተመላለሱ ጫማቸው አልቋል። እሺ አልኳት።

ማክሰኞ ተነሳሁ። አውሮፕላን በቆርቆሮዬ ላይ ሲያልፍ ብዙ ዘመን ኖሬያለሁ፤ በእሱ ሰዓት አውቃለሁ፣ በእሱ ዙሕር ደረሰ እላለሁ፤ ውስጡን ግን አይቼው አላውቅም ነበር። አየር ማረፊያው ከቤቴ በእግር የሚደረስ ነው። ሆኖም ሐምሌ ነውና ጭቃው አያስኬድም፣ ሸኚውም በዛ፤ ሚኒባስ ተያዘ። ወያላው ሻንጣዬን ሲጭን "ፋዘር፣ ቤቱን ነቅለው ነው እንዴ የሚሄዱት?" አለኝ። ጭኮው፣ በርበሬው፣ ሽሮው፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው። ጎረቤቶቼ መግቢያው ድረስ መጥተው፣ የሚካኤሉም የመስጊዱም ሰው በየወጉ መርቆኝ ተመለሰ።

ስንነሳ በመስኮቱ ጣራዬን ፈለግሁ። ሁሉም ቆርቆሮ አንድ ሆነብኝ፤ ወዲያው ደመና ዋጠን። ምግብ ሲመጣ አስተናጋጇን "ይቅርብኝ ልጄ፣ በልቻለሁ" አልኳት። "ኧረ አባባ፣ መንገድ ነው፣ አፈር ስሆን ይቅመሱ" ብላ ፊቴ አስቀመጠችው። በላሁ፤ ርቦኝ ነበር። ይህን የጻፍኩት በኋላ ስለሚያስፈልገን ነው።

ዳሬ ሰላም ስንወርድ ሙቀቱ እንጀራ መጋገሪያ ቤት በር ላይ እንደ መቆም ነው። ካፖርት ለብሼ ነበር። ሰዓዳ ከሰው መሐል ሮጣ መጥታ ጉልበቴን ስማ ቀና ስትል፣ መጀመሪያ ያደረገችው ካፖርቴን ማውለቅ ነው። ጠይማለች፤ ፊቷ ሞላ ብሏል። ለእናቷ ለመንገር እያንዳንዱን ነገር በዓይኔ ሰፋሁት።

ረቡዕ በመርከብ ተሻገርን። እኔ የማውቀው ውሃ ሐይቅን ነው፤ ሐይቅ ማዶው ይታያል፣ ማዶ ያለው ሰውም ቢጠሩት ይሰማል። ይኼኛው ማዶ የለውም። ትንሽ እንደሄድን ሆዴ ተገለበጠና አንገቴን ደፋሁ። አጠገቤ የተቀመጠች የማላውቃት ሴት ከቅርጫቷ ሎሚ አውጥታ በጥርሷ ቀደደችና እጄ ላይ አኖረችልኝ። አሸተትኩት፣ ቀለለኝ። ስንወርድ ላመሰግናት ብዞር ከሰው ተቀላቅላለች። ያ ሎሚ ኪሴ ውስጥ ደርቆ ቦሌ ሚካኤል ድረስ መጥቷል።

ከተማው ድንጋይ ነው። መንገዱ ከመጥበቡ የተነሳ ሁለት ወፍራም ሰዎች ቢገናኙ አንዱ ወደ ቤቱ መመለስ አለበት። በሮቹ ግን ወንድሞቼ፣ በሮቹ! እንጨቱ እንደ ጥልፍ ተፈልፍሎ፣ ነሐስ ተተክሎበት፤ እኛ ለቀሚስ ጥበብ የምናወጣውን ጌጥ እነሱ ለበር ያወጡታል። በየቤቱ ደጅ ከግድግዳው ጋር የተሠራ የድንጋይ መቀመጫ አለ፤ ወንዱ ሁሉ ከዐስር ሰላት በኋላ እዚያ ተደርድሮ ያወራል። ሰዓዳ በዚያ ስታልፍ በስሟ ሳይጠራ የሚያሳልፋት የለም። ሰላምታቸው እንደኛው ረጅም ነው፤ ቤቱስ፣ ልጆቹስ፣ ሥራውስ ይባባላሉ። እሷ በቋንቋቸው እየመለሰች ስትስቅ ከኋላ ሆኜ አየኋት። ሃያ ሁለት ስትሠራ እንኳ ሰው እንዲህ አያውቃትም ነበር።

የተከራየችው ቢ ሙና ከሚባሉ አሮጊት ቤት ነው፤ ቢ ማለት እንደኛ እትዬ ነው። ማታ ቢ ሙና በኮኮናት ወተት የተሠራ ሩዝና የተጠበሰ ዓሣ አቀረቡ። ሽታው ከመርከቡ የተረፈውን ሆዴን አስጮኸው። እኔ ግን ያደግሁት እንደናንተው ነው፤ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ "በቃኝ፣ ጠግቤያለሁ" አልኩ። ሰዓዳ ልትናገር አፏን ስትከፍት ሴትየዋ ምልክቴን አይተው ፈገግ አሉና ሳህኔን አነሱት። ወደ ጓዳ ሲገባ በዓይኔ ሸኘሁት።

ሰዓዳ ሳቋን መያዝ አቃታት። "አባባ፣ እዚህ አገር አይሆንም ካሉ አይሆንም ነው። ሁለተኛ መጠየቅ ሰውየውን ውሸታም ማለት ይሆንባቸዋል።" ሄዳ ሳህኑን አስመለሰችልኝ። እኔም ይህን አገር ተረዳሁት ብዬ፣ ከዚያ ወዲያ ምግብ ሲመጣ እሺ ማለት ጀመርኩ። ያልተረዳሁት ነገሩ ከምግብ የሚያልፍ መሆኑን ነው።

ሐሙስ ሰዓዳ ሥራ ስለነበራት ብቻዬን ወጣሁ። የመንገዱ ከመጥበቡ ይልቅ መጠማዘዙ ክፉ ነው፤ ጠፋሁ። መንገዱ ዞሮ ዞሮ በረንዳ ላይ በእግር መኪና የሚሰፋ ሰው ጋ አደረሰኝ። ቆሜ ሳየው ገባው መሰለኝ፣ በርጩማ አቀረበልኝ። እሱ አማርኛ አያውቅ፣ እኔ ስዋሒሊ አላውቅ፤ ግን ክር ሲበጠስበት ሁለታችንም አንድ ላይ ተከዝን። የነሱ ወንዶች የሚለብሱትን ረጅም ነጭ ቀሚስ አንገትጌ እንዴት እንደሚያዞር አሳየኝ፤ እኔም የኛን የኮት ኪስ አሳየሁት። እዚያ ተቀምጬ እያለ ነው ሐጂ ሳሊም የመጡት።

ሐጂ ሳሊም የመናዊ ናቸው። በወጣትነታቸው መርካቶ ሱቅ ነበራቸው፤ በኋላ ኑሮ ወዲህ ጣላቸው። የድሮውን የሱቅ ዐረብ አማርኛ ታስታውሱት የለ፣ ሰውን ሁሉ "እሱ" የሚያደርገውን፣ ያንኑ ነው የሚያወሩት። "አንተ ሐበሻ ነው?" ሲሉኝ እንባዬ መጣ። የሱለይማን አባት ወዳጅ ናቸውና በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ አስተርጓሚ እንዲሆኑ ተስማማን። ቢ ሙና ቤትም ያደረሱኝ እሳቸው ናቸው።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ መጡ። የሱለይማን አባት ምዜ ኸሚስ ጀልባ ሠሪ ናቸው፤ ምዜ ማለት እንደኛ ጋሼ ነው። መዳፋቸው ሳንቃ ያህላል፣ ድምፃቸው ግን ለስላሳ። አንድ ወንድማቸውና ሐጂ ሳሊም አብረዋቸው አሉ። ሐልዋ የሚባል ጣፋጭ በትሪ ይዘዋል። የኛ ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም፤ እነሱ ግን ገብተው ተቀመጡ። አገሩ ነው ብዬ አለፍኩት። ምዜ ኸሚስ ዙሪያ ጥምጥም ሳይሉ፣ ልጄ ልጅህን ይፈልጋል፣ እኛም ወደናታል፣ ስጠን አሉ።

ፋጡማ ትዝ አለችኝ። ፊቴን ኮስተር አደረግሁና እንደ ወጉ መለስኩ፦ "ልጄ ገና ናት። አገራችሁ ሩቅ ነው። እናቷም አትችለውም። ይህ ነገር አይሆንም።" ሐጂ ሳሊም ተረጎሙ። ምዜ ኸሚስ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ዝቅ አሉ፤ ለጤናዬና ለመንገዴ ዱዓ አደረጉ፤ ተነሥተው ሄዱ። ሐልዋውን ተዉልኝ። እኔ ደህና አድርጌ መለስኳቸው ብዬ አንድ ጉርሻ ያህል ቆርሼ በላሁ። ሰዓዳ ከጓዳ ስትወጣ ምንም አልጠየቀችኝም። የምትጠይቅ ልጅ አላሳደግንም።

ቅዳሜ ዕረፍቷ ስለነበር፣ በዕረፍቷ የምታደርገውን ሁሉ ላሳይዎት ብላ ወደ ገጠር ይዛኝ ወጣች። ከቦሌ ወደ አራብሳ በኩል ሲወጡ እርሻው እንደሚጀምር፣ እዚያም ከተማው ሲያልቅ ዛፉ ይጀምራል። ቅርንፉድ እኛ በርበሬ እንደምናሰጣው በመንገዱ ዳር በሰሌን ተሰጥቷል። አንድ ገበሬ የቀረፋ ዛፍ ቅርፊት ልጦ አስነከሰኝ። ቀረፋ ከሱቅ በወረቀት ተጠቅልሎ የሚወለድ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ በደሴቱ በሌላው ወገን ወዳለው ባሕር ዳር ወሰደችኝ። ስንደርስ ባሕሩ የለም። ወደ ውስጥ ሸሽቶ ሄዷል፤ ሴቶች በተወው መሬት ላይ ጎንበስ ብለው የባሕር ሣር ይለቅማሉ። "ይመለሳል?" አልኳት። "ሁልጊዜ ይመለሳል" አለችኝና ፊቷን አዞረች። ጫማዬን አውልቄ በአሸዋው ስሄድ፣ እሷ ወደኋላ ቀርታ ዛጎል ታነሳለች፣ መልሳ ትጥላለች። ሥራ አድክሟታል አልኩ። ስንመለስ ባሕሩ ዳር የሚጠበስ ኦክቶፐስ ገዛችልኝ። እግሩ ብዙ ነው፤ ዓይኔን ጨፍኜ በላሁት፤ ጎማ ጎማ ይላል። ሌላ ጊዜ ብትሆን በዚህ ትስቅብኝ ነበር።

እሑድ ሽማግሌዎቹን ስጠብቅ አረፈድኩ። ደጅ ያለው የድንጋይ መቀመጫ ላይ ሆኜ መንገዱን አያለሁ፣ ማንም አይመጣም። ቢ ሙና እንኳ ሰላምታቸውን አሳጠሩብኝ። ኋላ ሐጂ ሳሊም መጥተው አጠገቤ ተቀመጡና "እንድሪስ፣ አንተ ለምን ጠላው?" አሉኝ።

ማንን አልኳቸው። ልጁን አሉ። ሱለይማን በማግስቱ በጀልባ ወደ ሞምባሳ ሊሄድ ነው፤ ነፋሱ ወደ ሰሜን ስለሚነፍስ ቶሎ አይመለስም፤ በሯን እያየ ከሚቀመጥ ይሂድ ብለውታል አባቱ።

"እኔ መቼ እምቢ አልኩ? ያ እኮ የመጀመሪያው ነው" አልኳቸው።

"የመጀመሪያው ምን?"

"የመጀመሪያው እምቢታ። ይመለሳሉ፣ ይለምናሉ፣ ቀጠሮ እሰጣለሁ፣ ደግሞ ይመለሳሉ። መርካቶ ሲኖሩ ሽማግሌ ሲላክ አላዩም?"

"እኔ መርካቶ ሚስማር ሸጠ፣ ስኳር ሸጠ" አሉኝ ተቆጥተው። "እኔ ልጅ ሸጠ እንዴ? አንተ አይሆንም አለ፣ እኔ አይሆንም ብሎ ነገረ። እዚህ አባት አይሆንም ካለ አለቀ። ሁለተኛ የሚመጣ ባለጌ ነው።"

መቀመጫው ከሥሬ የተነሳ መሰለኝ። ወደ ሰዓዳ ክፍል ወጣሁ። አልጋዋ ላይ ልብሷን አጥፋ ሻንጣ ውስጥ ትከታለች። ስታየኝ ክዳኑን ዘጋችው።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"ካልወደዷቸው አብሬዎት እመለሳለሁ ብዬ አልነበር፣ አባባ?"

"የአገራችንን ወግ ታውቂ የለም እንዴ? እንደማይመለሱ ለምን አልነገርሽኝም?"

"የወግ ይሁን የልብዎ በምን ልወቅ? ልጅ አባቷን፣ ለምን ከለከሉኝ ትላለች?"

የበኩር ልጄ፣ እኔ በሰፋሁላት ቀሚስ ያደገች፣ ቃሏን ጠብቃ ሻንጣዋን ታስራለች፤ እኔ ደግሞ ውጭ ተቀምጬ በወጌ እኮራለሁ። እስክመለስ እንዳትቆልፊው አልኳትና ወረድኩ።

ሐጂ ሳሊምን ጀልባ መሥሪያው ጋ ይውሰዱኝ አልኳቸው። መንገዱን ሁሉ ሆዴ ሲከራከር ነበር። የሴት አባት በእግሩ ሄዶ፣ ልጄን ተቀበሉኝ ይላል? በኛ አገር ይህን ያደረገ ሰው ዕድር ላይ ቀና ብሎ ይቀመጣል? ደግሞ ያቺን ሻንጣ አስባለሁ። እግሬ ከሆዴ ቀድሞ ደረሰ።

ምዜ ኸሚስ አሸዋው ላይ ከቆመች ጀልባ ጎን ተንበርክከው፣ ጥጥ በዘይት እየነከሩ በሳንቃዎቹ መገጣጠሚያ ውስጥ በመዶሻ ይጠቀጥቃሉ። ይህም ስፌት ነው፤ ውሃ እንዳይገባ መስፋት። ሲያዩኝ ተነሡ፣ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው ሰላም አሉኝ። በፊታቸው ላይ ቂም ብፈልግ አጣሁ። ይህ ባሰብኝ።

ቆሜ ነው የተናገርኩት፤ የሚለምን ሰው በኛ አገር ይቆማል። አልኳቸው፦ "በኛ አገር የሴት አባት ልጁን እንደሚወዳት የሚያሳየው እምቢ እያለ ነው። የሚለምኑትም እንደሚፈልጓት የሚያሳዩት እየተመለሱ ነው። እምቢ ያልኩት እንድትመለሱ ነበር። ሚስቴም ደጋግመው ይለምኑህ ብላኛለች። አሁን እናንተ ስለማትመለሱ እኔ መጣሁ።"

ሐጂ ሳሊም ሲተረጉሙ ረጅም ጊዜ ወሰዱ። ምዜ ኸሚስ መዶሻቸውን ይዘው ባሕሩን አዩ፤ ባሕሩ እየተመለሰ ነበር። ከዚያ፣ እኛ ዘንድ ሰው የልቡን አንድ ጊዜ ነው የሚናገረው፤ የአንተ ልብ የትኛው ነው፣ የዓርቡ ወይስ የዛሬው፣ አሉኝ።

"የዛሬው" አልኩ።

ወደ ቤት ተጣሩ። ሚስታቸው በኮኮናት የተቀቀለ ካሳቫ በሳህን ይዘው መጡና "ብላ" ተባልኩ። እጄን ሳልታጠብ እሺ አልኩ። ያኔ ምዜ ኸሚስ ሳቁ። ሲስቁ ትከሻቸው ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው። ከጀልባዋ ማዶ አንድ ረጅም ወጣት ራሱን ብቅ አድርጎ መልሶ ደበቀ፤ ሱለይማን እሱ ነበር።

ሰኞ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ምዜ ኸሚስ፣ ወንድማቸውና ሐጂ ሳሊም፣ ልክ እንደ ዓርቡ ነጭ ለብሰው። በዚህ ጊዜ አልተቀመጡም። ስጠን አሉ። እኔ ግራ ገብቶኝ ሐጂን አየሁ። "አንተ እምቢ በል" አሉኝ በአማርኛ። "አንተ ሚስቴ አዘዘ አላለም? ምዜ ኸሚስ የሰው ሚስት ማክበር ያውቃል።"

እምቢ አልኩ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ወጡ። መንገዱን ዞረው ተመልሰው አንኳኩ። እናስብበት አልኩ። ወጡ። ቢ ሙና ነገሩ ሲገባቸው በሩን እየከፈቱ እየዘጉ ሳቃቸው አላቆም አላቸው። ደጅ የተቀመጡት ወንዶች የሚሆነውን ጠይቀው ሲረዱ ከሽማግሌዎቹ ጋር እየገቡ ይለምኑ ጀመር፤ በመጨረሻው ልመና ያ በረንዳ ላይ የሚሰፋው ሰው ሳይቀር መርፌ ደረቱ ላይ እንደሰካ ገብቶ ቆሟል። በሩ ሞልቶ ሱለይማን ውጭ ቀረ። እሺ አልኩ። ከላይ ከሰዓዳ ክፍል ሻንጣ ሲከፈት ሰማሁ።

ኒካሑ ሐሙስ ታሰረ። ሌላውን በቃል እነግራችኋለሁ፤ ለመጻፍ እጄ ደከመ። ልጄን ለማላውቀው ባሕር ሰጥቼ ስመለስ ግን በመርከቡ አልታመምኩም።

ቤቴ ስደርስ እየዘነበ ነበር። ገና ካፖርቴን ሳላወልቅ ፋጡማ "ለመኑህ?" አለችኝ። ሁሉንም ነገርኳት፤ እኔ መሄዴንም፣ ቆሜ መለመኔንም አልደበቅሁም። ከዚያ "ሰውየው እውነት መንገዱን እየዞረ ተመለሰ?" አለች።

"ቢ ሙና ያፈሉት ሻይ እስኪቀዘቅዝ ድረስ" አልኳት።

"አይቷት ለማያውቃት ሴት ብሎ?"

"ላንቺ ብሎ።"

በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። "እንግዲያስ ሰው ናቸው" አለችና ተነሥታ ምግብ አቀረበች። እሺ ብዬ ወዲያው ጀመርኩ። እሷ ግን ልማድ ነውና፣ አጠገቤ ቁጭ ብላ "በሞቴ፣ ብላ እንጂ" ትለኛለች። አፌ ሙሉ ስለነበር መልስ አልሰጠኋትም። ደግማ እስክትለኝ ጠበቅሁ።